በሚስ ኦድሪ ሳሎን የቆምንበት ቀን

እማ «አቁሚ!» ስትል ቀይ መብራት የጣስኩ መስሎኝ ፍሬን ረገጥኩ። ከኋላዬ ያለው ፒክአፕ ጥሩንባውን ለቀቀብኝ። «ምን ሆንሽ?» አልኳት። ማዕዘኑ ላይ የተተከለውን፣ የሚሸጥ ቤት ገብታችሁ እዩ የሚለውን የኦፕን ሀውስ ምልክት በጣቷ አሳየችኝ። ሪቻርድሰን ከተማ፣ ከጎማ ቤቱ ጎን በሚያስገባው መንገድ፣ ትልቁ ዛፍ ያለበት ግቢ። የሚስ ኦድሪ ቤት ሊሸጥ ነው።

እውነቱን ልናገር፣ መውረድ አልፈለግኩም። ከተመረቅኩ ገና ሳምንቴ ነው። ለፎቶ ስስቅ ጉንጬ ዝሏል፤ «አሁንስ ምን ልትሠሪ ነው?» ለሚለኝ ዘመድ ሁሉ ስመልስ ምላሴ ዝሏል። ቤቴ ገብቼ መተኛት ብቻ ነበር የምፈልገው። እማ ግን በሩን ከፍታ ወርዳለች። በዚያ በሚያማት ጉልበት እንዴት እንደዚያ እንደምትፈጥን አላውቅም።

በሩ ሲከፈት ሽታው መጣ። የብርቱካን ልጣጭ፣ ስኳር፣ ትንሽ ያረረ ነገር። ቤቱን የምታሻሽጠው ሪልተር ገዢ እንዲወደው ብላ ብርቱካን ከቀረፋ ጋር ድስት ውስጥ እያፈላች ነው። ሁሉም እንደዚያ ያደርጋሉ አሉ። ለእኔ ግን ማርማላታ ነበር። የሚስ ኦድሪ ማርማላታ፣ ሁሌ የሚያርር፣ ሁሌ «ዘንድሮ ተሳካ» የምትለው።

«ተቀመጡ፣ ተዝናኑ» አለችን ሪልተሯ አዲሱን ሶፋ እያሳየች።

«ኖ፣ ኖ፣ ታንክ ዩ» አለች እማ፣ ሳሎኑ መሃል ቆማ። እኔ ደግሞ የመኪናዬን ቁልፍ እያንቃጨልኩ በሩ ጋ ቆምኩ።

ያን ሰመር አስር ዓመቴ ነበር። እማ ሌሊት መጋዘን ትሠራለች፣ ቀን ደግሞ በኤጀንሲ በኩል ሚስ ኦድሪን ትንከባከባለች። መቼ እንደምትተኛ አላውቅም፤ አሁንም አላውቅም። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ እኔን የሚይዝ ሰው የለም፤ ጋርላንድ ያለው አፓርትመንታችን ውስጥ ብቻዬን ከምትተወኝ ይዛኝ መምጣት ጀመረች። ኤጀንሲው አይፈቅድም። ሚስ ኦድሪ ግን «ልጅቷ ትምጣ፣ እኔ ሥራ እሰጣታለሁ» አለች። ሥራው የግድግዳ ሥዕል አቧራ መጥረግ ነበር።

ሚስ ኦድሪ እንግሊዛዊት ናት። «ናት» ስል እማ ብትሰማ «እሳቸው በይ!» ትለኛለች። ግን እኔ ያወቅኳት በእንግሊዝኛ ነው፣ እንግሊዝኛ ደግሞ እሳቸው የለውም። ቀጭን ናት፣ በዎከር ተደግፋ ነው የምትሄደው፣ ኤሲው በተበላሸበት ቤት ውስጥ የአንገት ሐብሏን አድርጋ፣ ሸሚዟን እስከ ላይ ቆልፋ ትውላለች። አባቷ ሎርድ ነበር። የአባቷ አባትም፣ ከዚያ በላይ ያሉትም። ዌልድረን ይባላሉ፤ አገሩ እነሱን ነበር የሚሰማው በአንድ ወቅት።

ከሳሎኑ እስከ መኝታ ቤቷ ኮሪደሩ በሙሉ ሰው ነው። በቀለም የተሳለ፣ በእርሳስ የተሳለ፣ ፎቶ። ሁሉም አፍንጫቸው ረጅም፣ ሁሉም የተቆጡ። መጀመሪያ ቀን እማን «እነዚህ ሁሉ መቼ ነው የሚመጡት?» አልኳት። ምን ላድርግ፣ እኛ ቤት ግድግዳ ላይ ያሉት ሰዎች በሙሉ ቪዛ የሚጠብቁ ነበሩ።

ሚስ ኦድሪ ከኋላዬ ወንበር አስጠግታ ትቀመጥና እኔ ስጠርግ እሷ ትነግረኛለች። አንድ ሰው፣ አንድ ጨርቅ። የመጀመሪያው፣ ጦርነት ላይ የንጉሡን ፈረስ የያዘው ነው። ንጉሡ ወድቆ ሲነሳ ፈረሱን እዚያው ስላገኘው መሬት ሰጠው።

«ፈረስ ስለያዘ ብቻ?» አልኳት።

«ሌሎቹ ለቀውት ሮጡ እኮ። ቤተሰባችን ከዚያ በኋላ ለብዙ መቶ ዓመት ያን ያህል የረባ ነገር አልሠራም» አለች።

ቀጥሎ ያለው ፓርላማ ውስጥ ወገን የቀየረው ነው። ድሃ ድምፅ ይስጥ አይስጥ በሚለው ክርክር አባቱ በአንድ በኩል ተቀምጦ እሱ ተነስቶ ወደ ሌላው ወገን ሄደ። አባትየው እስኪሞት አላናገረውም፤ አንድ ጠረጴዛ ላይ እየበሉ «ጨው አቀብለው በሉት» በአሽከር ነበር የሚባባሉት። ይሄ ወዲያው ገባኝ። ያኔ የእኛ ቤተክርስቲያን በቦርድ ምክንያት ለሁለት ተከፍሎ፣ ሰዉ ፓርኪንግ ላይ ሳይሳለም ነበር የሚተላለፈው። ሶ፣ «የተሸነፉትስ የት ከፈቱ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ምን የት ከፈቱ?»

«ሌላ ፓርላማ። የእኛዎቹ ሳክሲ ከተማ ሄደው ነው የከፈቱት።»

ሚስ ኦድሪ እስክታስል ሳቀች።

ሴቶቹ ደግሞ ሌላ ነበሩ። ቅድመ አያቷ የፈረስ ጋጣውን አስፈርሳ ቲያትር ቤት አሠርታለች። ሠዓሊ፣ ገጣሚ፣ ሙዚቀኛ ለወራት እየመጣ ይበላል ይተኛል፤ ከሄደ በኋላ ወይ ሥዕል ይልካል ወይ ሐሜት። ራሷም ድርሰት ትጽፍ ነበር፣ ግን የታተመው በወንድሟ ስም ነው። «ወንዶቹ ይናገራሉ፣ ሴቶቹ ይሠራሉ፣ ስም ላይ ሲደርስ ግን ያው ነው» አለችኝ ሚስ ኦድሪ። እኔ ያን ዕለት የዚያችን ሴትዮ ፍሬም ሁለት ጊዜ ጠረግኩላት።

መጨረሻ ላይ አንዲት ትንሽ የድንጋይ ቤተክርስቲያን በውሃ ቀለም ተስላ አለች፤ ከሥሯ የመንደሩ ስም ተጽፏል። ከዚያ በኋላ ባዶ ግድግዳ ነው። «ይሄስ?» አልኳት።

እዚያች ቤተክርስቲያን ውስጥ የእናቷ የመታሰቢያ ድንጋይ አለ። ድንጋዩ ላይ የልጆቿ ስም በሙሉ ተቀርጿል፤ ስም ብቻም አይደለም፣ እገሌ የዚህ ቦታ፣ እገሌ የዚያ ቦታ እየተባለ፣ እያንዳንዱ ከሚኖርበት ቦታ ጋር። የሚስ ኦድሪ የለም። በወጣትነቷ ቢል የሚባል የቴክሳስ አውሮፕላን መካኒክ ወድዳ ስትሄድ፣ አባቷ «ከዛሬ ጀምሮ ያለኝ ወንዶች ልጆች ብቻ ናቸው» አለ። እናቷ ስትሞት ድንጋዩን ያስቀረፀው እሱ ነው።

«ቢጽፉሽስ የየት ይሉሻል?» አልኳት። ልጅ ነኝ፣ ያሳሰበኝ እሱ ነበር።

በመስኮቱ ወደ ጎማ ቤቱ አየች። «ጥሩ ጥያቄ ነው» አለች። ከዚያ ማርማላታው ሸተተን፤ አሯል።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ለእማ ነገርኳት። መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ርስቱ ነው። «ድርሻዋንስ?»

«ሁሉም ለትልቁ ወንድ ልጅ ነው አለች።»

«ሁሉም? ሴት ልጅ ምን ሆነች? በእኛ አገር እኮ ርስት ለሴትም ለወንድም ነው» አለች እማ ተናዳ፣ የራሷ ርስት ይመስል። ስለ ድንጋዩ ስነግራት ግን «ከእናቷ ላይ?» አለች። «አባት ይቆጣ፣ ይካድ፣ እሺ። ከእናት ላይ ልጅ ይፋቃል?»

ከዚያ በኋላ በነበረው ሳምንት የሚስ ኦድሪ የወንድም ልጅ ከእንግሊዝ ሊጠይቃት እንደሚመጣ ተሰማ። አሁን ሎርዱ እሱ ነው፤ አባቱ ስለሞተ የቤተሰቡ አለቃ እሱ ነው። ሚስ ኦድሪ መጋረጃ አሳጠበች፣ የብር ማንኪያ አሳሸች። «ስለ ድንጋዩ ትጠይቂዋለሽ?» አልኳት።

«እኔ ማንንም ምንም ጠይቄ አላውቅም» አለች፣ እንዴት ትደፍሪኛለሽ በሚል ድምፅ።

ይሄንንም ለእማ ነገርኩ። እማ ራሷን ነቀነቀች። «ትክክል ናቸው። የተበደለ ሰው ራሱ አይጠይቅም» አለች፣ ስልኳን አንስታም ለጋሽ ደምሴ ደወለች። ጋሽ ደምሴ ኤርፖርት ታክሲ ይነዱ የነበሩ፣ ጋርላንድ ውስጥ ለጋብቻም ለጠብም ያልቆሙበት ሽምግልና የሌለ ሰው ናቸው። ምን እንደተባባሉ አሁንም ይሰማኛል። «እንግሊዝ ነው አልሽኝ?» «አዎ ጋሼ።» «ሎርድ?» «አዎ።» «ይሁና፣ ሰው ነው።»

ለሚስ ኦድሪ ማንም አልነገራትም። ኤጀንሲው ቢሰማ እማን ወዲያውኑ ነበር የሚያባርራት፤ ይሄንን ታውቃለች። እኔንም «አፍሽን ዝጊ» ብላኛለች።

ሎርዱ መጣ። እኔ ዘውድ ባይሆን እንኳ ካባ ጠብቄ ነበር። የመጣው በኪራይ መኪና ነው፣ ፊቱ በፀሐይ ተቃጥሎ ቲማቲም መስሏል፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ኒኮላስ ይባላል። ኬክ ተቆርጦ ሻይ እንደተቀዳ በሩ ተንኳኳ።

ጋሽ ደምሴ በሱፋቸው ላይ ነጠላ አጣፍተው፣ ከጎናቸው አንድ ቄስ መስቀል ይዘው፣ ከኋላ ደግሞ በማንኛውም ሽምግልና ላይ ተገኝቶ የማይናገር አንድ ረጅም ሰውዬ። በዚያ ሙቀት። ኒኮላስ አክስቱን «ሰባኪዎች ናቸው መሰለኝ» አላት በሹክሹክታ።

ሚስ ኦድሪ እማን አየቻት። እማ መሬት አየች። «የህይወት ሰዎች ናቸው፣ ይግቡ» አለች ሚስ ኦድሪ። ህይወት እማ ናት።

«እባካችሁ ተቀመጡ» አለ ኒኮላስ።

«ልጄ፣ እንዲህ በዪልኝ» አሉኝ ጋሽ ደምሴ። «የመጣነው ለእርቅ ነው። እሺታችንን ሳናገኝ አንቀመጥም።»

አስተረጎምኩ። ኒኮላስ አልገባውም፣ ግን እንግዳ ቆሞ እሱ መቀመጥ ስላልቻለ ብድግ አለ። እሱ ሲነሳ ሚስ ኦድሪም ዎከሯን ይዛ ተነሳች፤ ቤቷ ውስጥ እንግዳ ቆሞ መቀመጥ አልተማረችም። እማ ቀድሞም ቆማለች፣ ከሌሊት ሺፍት በቀጥታ የመጣች፣ እግሯ ከጫማዋ ሊወጣ የደረሰ። በቃ፣ ሁላችንም ቆምን። ሶፋው ባዶ፣ ወንበሩ ባዶ፣ ሻዩ እየበረደ።

ጋሽ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኚህ እናት ከእናታቸው ድንጋይ ላይ ስማቸው ቀርቷል። ቤቱን አንፈልግም፣ መሬቱን አንፈልግም። ስማቸውን መልስላቸው።»

እኔ ቃል በቃል እንግሊዝኛ አደረግኩት። ኒኮላስ ከቲማቲምነት ወደ ነጭነት ተለወጠ። «አክስቴ፣ አንቺ ነሽ የላክሻቸው?»

«እኔ ማንንም ምንም ጠይቄ አላውቅም» አለች። ድምጿ ግን የዚያን ቀኑ አልነበረም።

«ጉዳዩ በእኔ እጅ ብቻ አይደለም» አለኝ ኒኮላስ፤ ማንን ማየት እንዳለበት ስለጠፋው የሚያወራው ለእኔ ነበር። «ቤተክርስቲያኑ ኮሚቴ አለው። አሮጌ ድንጋይ ላይ መጨመር ፈቃድ ይጠይቃል።»

«ቦርድ አለ ነው የሚለው?» አሉ ቄሱ።

«አዎ።»

ሦስቱም አብረው ተነፈሱ። «ቦርድ ካለማ ከባድ ነው» አሉ ጋሽ ደምሴ ከልባቸው አዝነው። «ቢሆንም ቦርዱን እኛ እንጸልይለታለን። አንተስ?»

«አባቴ ለአያቴ ቃል ገብቶ ነበር። ይሄ ነገር እንዳይነሳ።»

«አባትህ የት ናቸው?»

«ሞቷል።»

«አያትህስ?»

«እሱም ሞቷል።»

«እንግዲህ እነሱ እዚያ ተገናኝተው ታርቀው ይሆናል። ያልታረቅከው አንተ ብቻ ነህ» አሉት።

ይሄንን ሳስተረጉም ሚስ ኦድሪ ከንፈሯን ነከሰች፤ ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር አላወቅኩም። ኒኮላስ ላቡን በእጅጌው ጠረገ።  የዎከሯ እግር ወለሉ ላይ ሲንቀጠቀጥ ይሰማል። እማ እጇን ዘርግታ ልትይዛት ስትል ሚስ ኦድሪ በዓይኗ ከለከለቻት። እኔ እግሬን ስለደከመኝ አንዱን በሌላው ላይ እያደረግኩ ነበር፤ እማ ጀርባዬን ቆነጠጠችኝ።

ያኔ ያ የማይናገረው ረጅም ሰውዬ ተናገረ። ኒኮላስን ነበር የሚያየው። «እሱም እኮ ደክሞታል» አለ።

አስተረጎምኩት።

ኒኮላስ ያን ሰውዬ አየው። ብዙ አየው። ከዚያ አክስቱን፣ ዎከሯ ላይ የነጡ ጣቶቿን። «ቦታ ያስፈልጋል» አለ ቀስ ብሎ። «ድንጋዩ ላይ ሁሉም የሆነ ቦታ ነው። የየት ብለን እንጽፋለን?»

«የየትም» አለች ሚስ ኦድሪ።

«ሪቻርድሰን!» አለች እማ። ማንም አላስተረጎመላትም። ሙሉውን ጊዜ ስትሰማ ነበር ለካ። «ሪቻርድሰን፣ ቴክሳስ!»

ኒኮላስ ሳቀ፤ ከመጣ የመጀመሪያው ነው። «እሞክራለሁ» አለ።

«ቆይ» አሉኝ ጋሽ ደምሴ። «እሞክራለሁ ማለት እሺ ነው እምቢ?»

ጠየቅኩት። ኒኮላስ ወለሉን አየ፣ ኮሪደሩ ላይ የተሰለፉትን እነዚያን አፍንጫዎች አየ። «እሺ ነው» አለ። «እሺ።»

ጋሽ ደምሴ መረቁት፣ ቄሱ መስቀሉን ሲሰጡት ምን እንደሚያደርግ ስላላወቀ ጨበጠው። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተቀመጡ። ሶፋው ጮኸ። የደረቀውን ኬክ ካረረው ማርማላታ ጋር ጨርሰውት ሄዱ፤ ረጅሙ ሰውዬ ሁለት ጊዜ ደገመ።

ሚስ ኦድሪ እማን ሳምንት ሙሉ በደንብ አላናገረቻትም። «ሁለተኛ እንዳታደርጊው» ብቻ አለቻት። ለኤጀንሲው ግን አልደወለችም። ከዚያ አንድ ቀን ከመኝታ ቤቷ አንድ ፎቶ ይዛ ወጣች፤ እሷና ቢል፣ ከአውሮፕላን ክንፍ ሥር፣ ሁለቱም በሳቅ ዓይናቸው ጠፍቶ። ባዶውን ግድግዳ በጣቷ አሳየች። መዶሻ አልነበረም። እማ ጫማዋን አውልቃ በተረከዙ ምስማሩን መታችው። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ተጨማሪ ፍሬም እጠርግ ነበር፣ ትምህርት ቤት እስኪከፈት ድረስ።

ሚስ ኦድሪ ከታንክስጊቪንግ በዓል በኋላ ሞተች። ሥዕሎቹን ኒኮላስ አስጫናቸው። ስለ ድንጋዩ ምንም አልሰማንም። እማ በዚህ መንገድ ባለፍን ቁጥር «ጻፈላት ይሆን?» ትለኛለች፤ እኔም «እማ፣ እኔ በምን አውቃለሁ!» እላታለሁ። ማለቴ፣ ስልክ አለኝ፤ መፈለግ እችል ነበር። ግን ሰዎች ሳሎን ውስጥ እሺ ይላሉ፣ ከዚያ አውሮፕላን ላይ ይረሱታል። ባዶ ድንጋይ አይቼ ለእማ መንገር አልፈለግኩም።

አሁንም ያው ቦታ ቆማ፣ ኮሪደሩን እያየች ነው። ግድግዳው ነጭ ተቀብቷል። የምስማሩ ቀዳዳ እንኳን የለም።

«ጻፈላት ይሆን?» አለች።

ደክሞኛል። ከእማ ጥያቄ ይልቅ የእኔው ያው መልስ ነው ያደከመኝ። ስልኬን አወጣሁ። የመንደሩን ስም ጻፍኩ፤ ያን ሰመር በየቀኑ ስጠርገው ስለነበር እንዴት ይጠፋኛል። ቤተክርስቲያኗ ወጣች፣ ልክ እንደ ሥዕሉ። አገር ጎብኚ የለጠፋቸው ፎቶዎች አሉ፦ በር፣ መስኮት፣ አግዳሚ ወንበር፣ የግድግዳ ድንጋዮች። አንዱን አጎላሁት። ሄንሪ የዚህ ቦታ፣ ኤድመንድ የዚያ ቦታ፤ ፊደሉ ጠቁሮ፣ ዳሩ ተበልቶ። ከታች፣ ጠባቧ ቦታ ላይ ተጨናንቆ፣ ከሌላው ሁሉ የነጣ አንድ መስመር።

ለእማ ሰጠኋት። ስልኩን አራቀችው፣ አቀረበችው። ጣቷን በመስታወቱ ላይ እያስኬደች እንደ ልጅ ፊደል በፊደል አነበበችው።

«ኦድሪ፣ የሪቻርድሰን፣ ቴክሳስ።»

ሪልተሯ ከጓዳ ብቅ ብላ «ልዘጋ ነው፤ ጥያቄ አላችሁ?» አለችን።

እማ አልሰማቻትም። ወደ ሶፋው ሄደች፣ ክንዱን ይዛ ያን የሚያማትን ጉልበቷን ቀስ አድርጋ አጠፈች፣ ተቀመጠች። ከዚያ አጠገቧ ያለውን ቦታ በመዳፏ መታ መታ አደረገችው።

«ነይ» አለችኝ። «አረፍ በይ።»

ቁልፉን ኪሴ ከትቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ።